የመርከቡ ባለቤት ማን ነው? ባንዲራውን ስቀሉልን

የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ መርስክ በጥር 2023 አንድ መግለጫ አወጣ። «ሃምቡርግ ዙድ» የሚለውን ስም ቀስ በቀስ ከገበያ እናወጣለን አለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሃምቡርግ ዙድ በ1871 የተቋቋመ የጀርመን ኩባንያ ነው። ከሃምቡርግ ደቡብ አሜሪካ እየተመላለሰ ሰውና ዕቃ ሲያጓጉዝ ኖሯል። መርስክ በ2017 ገዛው። ስሙ በትልልቅ ነጭ ፊደላት የተጻፈባቸው ቀያይ ኮንቴይነሮቹ ከየትም ወደብ አይጠፉም ነበር።

ለነጋዴው ይህ የስም ለውጥ ነው። ዋጋ እስካልጨመረ ድረስ ምን ይጠበስ? እኔን የከነከነኝ ግን ባንዲራው ነው። ሃምቡርግ ዙድ የራሱ ባንዲራ ነበረው፤ ቀይና ነጭ ሆኖ የስሙ መነሻ ፊደላት የሰፈሩበት። ኩባንያው ሲዋጥ ባንዲራውም አብሮ ይዋጣል። ተራ ነገር ይመስላል። አይደለም ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንግድ መርከብ በልማድ ሁለት ዓይነት ባንዲራ ይሰቅላል። በስተኋላ የሚውለበለበው የተመዘገበበት አገር ሰንደቅ ዓላማ ነው። ከምሰሶው ላይ የሚወጣው ደግሞ የኩባንያው ነው። የመጀመሪያው መርከቡ በየት አገር ሕግ እንደሚተዳደር ይናገራል። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ይናገራል። ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ይህ ቀልድ አልነበረም። መርከብ አንዴ ከወጣ ለወራት ወሬው አይሰማም። ነጋዴው፣ አበዳሪው፣ የመርከበኛው ሚስት ሁሉም ዓይኑን ባሕሩ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። በመነጽር ሲያዩ የማን መርከብ እንደመጣ የሚለየው በዚያ ባንዲራ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚነበብ፣ ከሌላው ጋር የማይምታታ መሆን ነበረበት።

ጀርመኖቹ በዚህ ጎበዞች ነበሩ። በ1847 ሃምቡርግ ላይ የተቋቋመው የመርከብ ኩባንያ ሃፓግ ባንዲራውን በሰያፍ ነጭና ሰማያዊ አድርጎ ከፈለው። መሃሉ ላይ መልህቅ፣ በመልህቁ ላይ ደግሞ ስሙ የተጻፈበት ቢጫ ጋሻ አስቀመጠ። በ1857 ብሬመን ላይ የተነሣው ተፎካካሪው ኖርድዶይቸር ሎይድ በነጭ ላይ ቁልፍና መልህቅ በሰማያዊ አጣመረ። ቁልፉ የብሬመን ከተማ አርማ ነው። የማን ቁልፍ? የቅዱስ ጴጥሮስ። የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ፣ ስደተኛ ጭኖ ኒውዮርክ በሚገባ መርከብ ላይ ሲውለበለብ አስቡት። ታች ለታጨቀው መንገደኛ አሜሪካ ማለት ከዚያ ብዙም አይርቅም ነበር።

የእኔ ምርጫ ግን የላይስ ነው። ነጭ ጨርቅ፣ ሁለት ቀይ ፊደላት፤ ኤፍ እና ኤል። በቃ። ፌርዲናንድ ላይስ በ1824 ንግድ የጀመረው ባርኔጣ እየሠራ ነው። መርከቡ በኋላ የመጣ ነው። በ1857 ቤተሰቡ አንዲት መርከብ «ፑድል» ብሎ ሰየመ። ፑድል ጸጉሩ የተጠቀለለ የውሻ ዝርያ ነው። የፌርዲናንድ ልጅ ሚስት ሶፊ ጸጉሯ ጥቅልል ስለነበር በቤት ውስጥ የምትጠራው በዚህ ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ የላይስ መርከቦችን በ«ፒ» በሚጀምር ስም መጥራት ልማድ ሆነ፤ ፕሮይሰን፣ ፖቶዚ፣ ፓሳት፣ ፓሚር፣ ፔኪንግ። እነዚህ ባለሸራ መርከቦች የደቡብ አሜሪካን ጫፍ፣ ኬፕ ሆርንን ዞረው ከቺሌ ናይትሬት ያመጡ ነበር። ለገበሬው ማዳበሪያ፣ ለጦሩ ባሩድ። የእንፋሎት መርከብ ባሕሩን በወረሰበት ዘመን በነፋስ ብቻ እየሄዱ ማትረፋቸው ዛሬም ያስገርመኛል። ፔኪንግ ለአሥርተ ዓመታት ኒውዮርክ ቆማ ከርማ፣ ታድሳ በ2020 ሃምቡርግ ገብታለች። ላይስም ዛሬ ድረስ መርከብ ያሰማራል። በአንዲት ሴት የቤት ስም የተጀመረ ልማድ ከስንት መንግሥት እንደበለጠ ተመልከቱ።

የሪክመርስም ደስ ይላል። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ነጭ፤ በላዩ «አር» የሚል ፊደል። የእኛ ሰው በሩቅ ቢያየው ቀለም የተሳሳቱ ሊመስለው ይችላል። ቀለሞቹ የመጡት መሥራቹ ከተወለደባት ሄልጎላንድ ነው። በሰሜን ባሕር ያለች ሚጢጢ ደሴት ናት። የአገሬው ሰው «መሬቱ አረንጓዴ፣ ገደሉ ቀይ፣ አሸዋው ነጭ» እያለ ይገልጻታል። ሰውየው በ1834 ብሬመርሃፈን ላይ የመርከብ መሥሪያ ሲከፍት ደሴቷ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። እሱ ግን የቀዬውን ቀለም ምሰሶ ላይ ሰቀለው።

አሁን ደግሞ በስተኋላ ያለውን ባንዲራ እንይ። እሱ ጉዱ ብዙ ነው።

ከ1867 በፊት የሃምቡርግ መርከብ የከተማውን ቀይ ባንዲራ ከነነጭ ግንቡ ይሰቅል ነበር። በ1867 ጥቁር፣ ነጭና ቀይ መጣ። የያኔዋ ኃያል የጀርመን መንግሥት የፕሩሺያ ጥቁርና ነጭ፣ ሃምቡርግን ከመሳሰሉት የንግድ ከተሞች ነጭና ቀይ ጋር ተዳቅሎ ነው። በ1919 አዲሱ ሪፐብሊክ ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ ቀለም መረጠ። ባለመርከቦቹ አሻፈረን አሉ። «ባሕር ላይ ከሩቅ አይለይም» የሚል ምክንያት አቀረቡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዓይናቸው ይልቅ ልባቸው ነው እምቢ ያለው፤ ልባቸው ከንጉሡ ዘመን ጋር ነበር። በመጨረሻ ሕገ መንግሥቱ ራሱ አስታራቂ ሆነ። የንግድ መርከብ አሮጌውን ይስቀል፣ አዲሱ ጥጉ ላይ በትንሹ ይግባ ተባለ። ጭቅጭቁ በዚህም አልበረደም። በግንቦት 1926 ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ በባሕር ማዶ ያሉ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ይህንኑ የንግድ ባንዲራ ከብሔራዊው ጎን ይስቀሉ የሚል ደንብ ፈረሙ። በዚህ ጣጣ መራሔ መንግሥቱ ሃንስ ሉተር ከሥልጣን ወረዱ። በጨርቅ ምክንያት መንግሥት ወደቀ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ የናዚዎቹ አርማ ስዋስቲካው መጣ። ሐምሌ 26 ቀን 1935 ማታ ኒውዮርክ ላይ ተቃዋሚዎች «ብሬመን» የተባለው የኖርድዶይቸር ሎይድ መርከብ ላይ ወጡ። ስዋስቲካውን ገንጥለው ሀድሰን ወንዝ ውስጥ ወረወሩት። ሰባት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ኑረምበርግ ላይ ስዋስቲካው ብቸኛው የአገር ባንዲራ ይሁን ተብሎ በሕግ ታወጀ። ከሽንፈቱ በኋላ ደግሞ ጀርመን ጭራሹኑ ባንዲራ አልነበራትም። አሸናፊዎቹ በ1946 ለቀሩት መርከቦች አንድ የምልክት ጨርቅ ፈቀዱላቸው። መርከበኞች «ሲ» ፊደልን የሚያሳዩበት ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ጨርቅ ነው፤ ጫፉ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ። በመርከበኞች የምልክት ቋንቋ ይህ ጨርቅ ሳይቆረጥ «አዎ» ማለት ነው። ለተሸነፈ አገር ከዚህ የተሻለ ሹፈት አይገኝም። የጀርመን መርከቦች የአገራቸውን ባንዲራ እንደገና ያገኙት በየካቲት 1951 በወጣ ሕግ ነው።

እንግዲህ በ1867 የተወለደ ሰው ዕድሜ ቢሰጠው ይህን ሁሉ ባየ ነበር። የሃፓግ መልህቅና የሎይድ ቁልፍ ግን ያው ነበሩ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ከ1,600 ቶን ጀምሮ ያለ የንግድ መርከብ ሁሉ ይሰጥ አለ። ሃፓግ ያለውን አስረከበ። ኩራቱ የነበረው «ኢምፔራቶር» ለእንግሊዞች ሆነ፤ «ፋተርላንድ»ን አሜሪካ ቀድማ ወስዳዋለች። ኩባንያው ባንዲራውን ታቅፎ ቀረ። ከዚያ ተነሥቶ ነው እንደገና መርከብ የሠራው።

ባንዲራዎቹ ንጹሕ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሃፓግን ለዓለም አንደኛነት ያበቃው አልበርት ባሊን አይሁዳዊ ነበር። በስሙ የተሰየመ መርከብ ነበረ። በ1935 ስሙ ተፍቆ «ሃንዛ» ተባለ። መልህቁ ያለበት ባንዲራ እዚያው ነበር። በግንቦት 1939 የዚሁ ኩባንያ መርከብ «ሴንት ሉዊስ» 937 መንገደኞች ጭኖ ከሃምቡርግ ወጣ። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም ከናዚ የሚሸሹ አይሁድ ናቸው። ኩባ ከጥቂቶች በቀር አላስወርድም አለች። አሜሪካም በሯን ዘጋች። ካፒቴኑ ጉስታቭ ሽሮደር ወደ ጀርመን አልመልሳቸውም ብሎ ሙጭጭ አለ። በመጨረሻ አራት የአውሮፓ አገሮች ተከፋፍለው ተቀበሏቸው። ከእነዚህ ውስጥ 254ቱ ግን በኋላ በጭፍጨፋው አለቁ።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ደግሞ የሃምቡርጉ ቨርማን አለ። ከ1904 ጀምሮ የጀርመንን ጦር ወደዛሬዋ ናሚቢያ ያጓጓዙት የእሱ መርከቦች ናቸው። ያ ጦር ነው በሄሬሮና በናማ ሕዝብ ላይ የዘር ማጥፋት የፈጸመው። ኩባንያው እስረኞችን በግዳጅ አሠርቷል። ይህን ሁሉ ዛሬ ከእነስሙ የምንጠራው ባለቤቱ ማንነቱን ሰቅሎ ይሄድ ስለነበር ነው። «የኔ አይደለም» ማለት አይችልም።

አሁንስ? አብዛኛው የጀርመን ባለሀብት መርከብ የጀርመንን ባንዲራ አይሰቅልም። የላይቤሪያ፣ የአንቲጓና ባርቡዳ፣ የፖርቱጋል ነው የሚሰቅለው። ወጪው ይቀንሳል፣ መርከበኛውም በርካሽ ይቀጠራል። የላይቤሪያ መዝገብ የሚመራው ከሞንሮቪያ አይደለም። ከቨርጂኒያ ነው፤ አዎ፣ ያው አበሻ የሞላበት ቨርጂኒያ፣ ደለስ አየር ማረፊያ አካባቢ። የአንቲጓው ደግሞ ለዓመታት እዚያው ጀርመን፣ ኦልደንቡርግ ቢሮ ነበረው። ጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስምም ቢሆን አያስተማምንም፤ የተከራየው ኩባንያ ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ መርከብ ራሱን የቻለ አንድ ኩባንያ ነው። ከ2008ቱ ቀውስ በፊት የጀርመን ሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ሳይቀሩ በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ገንዘባቸውን አፈሰሱ። ገበያው ሲወድቅ አብረው ወደቁ። ሪክመርስ ሆልዲንግም በ2017 ለኪሣራ አመለከተ።

እና ደሞዙ የቀረበት ፊሊፒናዊ መርከበኛ ማንን ይክሰስ? ዘይት የፈሰሰበት ዓሣ አጥማጅ ማን በር ላይ ይቁም?

እያንዳንዱ መርከብ ሰባት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፣ በስልክ አፕ የት እንዳለም ይታያል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ መርከቡ ነው። ባለቤቱን ፍለጋ ከገባችሁ ከአንዱ የፖስታ ሣጥን ወደ ሌላው ነው የምትዞሩት። የድሮው ባንዲራ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ባለቤቱን ይናገር ነበር። ዛሬም ከዚህ ያነሰ መጠየቅ የለብንም። ወደብ የሚገባ የንግድ መርከብ የእውነተኛ ባለቤቱን ባንዲራ እንዲሰቅል ይገደድ። የተከራዩን አይደለም፣ የወረቀቱን ኩባንያም አይደለም፤ ትርፉን የሚወስደውን።

የት ይጀመር ከተባለ ሃምቡርግ ይጀመር። ሃፓግና ኖርድዶይቸር ሎይድ በ1970 ተዋህደው ሃፓግ-ሎይድ ሆነዋል። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ በሚመጣ መኪና ላይ ብርቱካናማ ኮንቴይነር ካያችሁ የእነሱ ሊሆን ይችላል። ከኩባንያው አክሲዮን ቺሌዎች፣ ኳታርና ሳዑዲ ድርሻ አላቸው። 14 በመቶ ገደማው ደግሞ የሃምቡርግ ከተማ ነው። ከተማው ይህን የገዛው በ2008 ኩባንያው ለሲንጋፖር ሊሸጥ ነው ሲባል «የሃምቡርግ ሆኖ ይቅር» ብሎ ነው። የግብር ከፋይ ገንዘብ ያፈሰሰ ባለአክሲዮን ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት አያቅተውም። መጀመሪያ በራሱ ኩባንያ መርከቦች ላይ ያስጀምር፣ ከዚያ በኤልበ ወንዝ ለሚገባው ሁሉ ደንብ ያውጣ። የባንዲራዎቹን ዝርዝር የሚለጥፍበት ግድግዳ ወደቡ ላይ አያጣም።