«በሞቴ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊልም ለማየት ገባሁ። አዳራሹ ትንሽ ነው። ግማሹ ሐበሻ፣ ግማሹ ፈረንጅ። ፊልሙ ላይ አንዲት እናት ከሩቅ ለመጣ ልጃቸው ምሳ አቅርበዋል። ልጁ ሁለት ጉርሻ እንደበላ እጁን ሰበሰበ። እናትየው ቀና ብለው አዩትና «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አሉት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከታች የወጣው የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ግን አንዲት ቃል ብቻ ነበር፦ ብላ።

ፈረንጆቹ ዝም ብለው ትሪውን ያያሉ። ምን ያድርጉ? እነሱ ያዩት ልጇን ብላ የምትል እናት ነው። እኛ ያየነው ሞቷን መያዣ አድርጋ የምትለምን እናት ነው። አንድ አዳራሽ ተቀምጠን ሁለት ፊልም አይተን ወጣን።

ስለ ዓለም አቀፍ ሽልማቶች በተወራ ቁጥር ያቺ ትሪ ትመጣብኛለች። ኖቤል፣ ቡከር፣ ኦስካር ሲባል የምናወራው ስለ ደራሲውና ስለ ዳይሬክተሩ ነው። ሥራው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በማን ትከሻ እንደተሻገረ ብዙም አናነሳም። እኔ ደግሞ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ችግር ያለው እዚያ ትከሻ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ደራሲ አላነሰንም። የሚያሻግር ነው ያነሰን።

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ለንደን፣ ቴት ሞደርን በተባለው ሙዚየም፣ ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ መጽሐፍ የሚሰጠው የዓለም አቀፉ ቡከር ሽልማት አሸናፊ ይፋ ሆነ። አሸናፊዋ ህንዳዊቷ ባኑ ሙሽታቅ ናቸው። በወቅቱ ዕድሜያቸው 77 ነበር። ጠበቃ ናቸው፣ የሴቶች መብት ተሟጋችም ናቸው። የሚጽፉበት ቋንቋ ካነዳ ይባላል። ካናዳ ከምትባለው አገር ጋር አይገናኝም፤ በደቡብ ህንድ የካርናታካ ግዛት ሰዎች ቋንቋ ነው። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ነው። ያም ሆኖ በዚህ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ሽልማት ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። የአጭር ልብ ወለድ ስብስብ ሲያሸንፍም እንዲሁ የመጀመሪያው ነው። 12 ታሪኮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት የተጻፉ።

ያን ምሽት መድረክ ላይ የወጡት ሁለት ሴቶች ናቸው። ሁለተኛዋ ተርጓሚዋ ዲፓ ባስቲ ናት። የዓለም አቀፉ ቡከር ደንብ ግልጽ ነው። ሽልማቱ 50,000 ፓውንድ ነው፤ ለሁለት ይከፈላል። ለደራሲው 25,000፣ ለተርጓሚው 25,000። እኩል በእኩል። ተርጓሚው በመጽሐፉ ሦስተኛ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ስም አይደለም። የሥራው ባለቤት ነው።

ዲፓ ያደረገችውን ልብ በሉ። ታሪኮቹን ራሷ መረጠች። ከዚያ ስትተረጉም የካነዳ፣ የኡርዱና የዓረብኛ ቃላትን እንዳሉ ተወቻቸው። የግርጌ ማስታወሻ አላስቀመጠችም። ቃላቱን አጋድማ ጽፋ «ይህ ባዕድ ቃል ነው» አላለችም። እንግሊዝኛው የካርናታካ ሰው ሲናገረው የሚሰማውን ቃና ይዞ እንዲወጣ ፈለገች። የለንደን አንባቢ አንድ ቃል ካልገባው ትንሽ ይታገስ፣ ከዐውዱ ይረዳዋል። ዳኞቹም ይህንኑ ነው የወደዱት።

እኛ ምን እናደርጋለን? እንጀራን «ጠፍጣፋ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ጎምዛዛ የጤፍ ዳቦ» ብለን እንተረጉማለን። እንጀራ ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ቴል አቪቭ ምግብ ቤት ገብቶ በስሙ እየተጠራ፣ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ስሙን እንነጥቀዋለን። «ጋሼ»ን «ጌታዬ» እናደርገዋለን። ጋሼ ጌታዬ አይደለም! ጋሼ ውስጥ ዕድሜ አለ፣ ጉርብትና አለ፣ ሲያጠፉ ጆሮ የመቆንጠጥ መብትም አለ። አንዲት ልጅ «አንተ» ስትለው የኖረችውን ሰው በንዴት «እርስዎ» ብትለው በአማርኛ ቤቱ በሙሉ ይበርዳል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። እዚህ ቦታ ላይ ነው ተርጓሚ ደራሲ የሚሆነው። ብርዱን በሌላ መንገድ ማምጣት አለበት፤ በዝምታ፣ በአንገት አዟዟር፣ ወንበር በመሳብ።

ፊልሙም ጋ ያው ነው። የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት» እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝኛ ያልተሠራ ፊልም ሆኖ የምርጥ ፊልም ኦስካርን ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር። ዳይሬክተሩ ቦንግ ጁን ሆ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የጎልደን ግሎብ መድረክ ላይ የተናገረው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ አንድ ኢንች የምታህለውን የሰብታይትል አጥር ከተሻገራችሁ ብዙ ድንቅ ፊልሞች ይጠብቋችኋል አለ። አጥሯን ማን ዝቅ እንዳደረገላቸው ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ዳርሲ ፓኬት ይባላል። ኮሪያ የሚኖር አሜሪካዊ ነው። ፊልሙ ላይ ሁለት ዓይነት ፈጣን ኑድል ተደባልቆ የሚሠራ ርካሽ ምግብ አለ። የሀብታሞቹ ቤት ደግሞ ላዩ ላይ ውድ የበሬ ሥጋ ይጨመርበታል። ቀልዱም ምሬቱም ያ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ የለም። ፓኬት ራመንና ኡዶን የሚባሉትን ሁለት የኑድል ስሞች አጋብቶ «ራምዶን» የሚል አዲስ ቃል ፈጠረ። አንዲት ቃል ናት። እሷ ባትኖር ግን ትዕይንቱ እንደዚያች እናት ትሪ ባዶውን ይቀር ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። አንድ ነገር ደጋግሜ አስተውያለሁ። ፊልሞቻችን በውጭ የተሸለሙት በአማርኛ ነው። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾች ሽልማት ተሰጠው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ገባ፤ ለኢትዮጵያ ፊልም የመጀመሪያው ነው። ሦስቱም ላይ አማርኛ ይሰማል።

መጽሐፍ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙን ጋዜጣ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት ወሰደ። ማዛ መንግሥቴ በ2020 በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ልብ ወለድ የሚሰጠው የዋናው ቡከር የመጨረሻ ስድስት ዕጩዎች ውስጥ ገባች፤ ያውም የጣሊያንን ወረራ ከተዋጉ ሴቶች ታሪክ ተነስታ። ሁለቱም ኩራታችን ናቸው። ሁለቱም ግን የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ ቁጭ ብሎ በአማርኛ የሚጽፍ ደራሲ እነዚያ በሮች ጋ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ሥራው ስላነሰ አይደለም። የሚያነበው ዳኛ ስለሌለ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ለፊልም ሰብታይትል መሥራት የሳምንታት ሥራ ነው፤ ወጪውም ከፊልሙ በጀት ውስጥ ይገባል። እንዲያውም ቃል የማያስፈልገው ፊልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአኒሜሽን ኦስካርን የወሰደው የላትቪያ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል የለበትም። መጽሐፍ ግን ያለ ቃል ምንም ነው። 400 ገጽ ልብ ወለድ በደንብ ለመተርጎም ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ያን ሁለት ዓመት ተርጓሚው ምን ይበላል? ቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?

ኮሪያዎች ይህን ጥያቄ ቀድመው ጠየቁ፤ መለሱትም። መንግሥታቸው የኮሪያን ሥነ ጽሑፍ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ለማስተርጎም ብቻ የቆመ ተቋም አለው። ተርጓሚ ያሠለጥናል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ የውጭ አሳታሚን ይደግፋል። ኮሪያዊቷ ደራሲ ሃን ካንግ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የኖቤል አሸናፊ መሆኗ ሲነገር ነገሩ ድንገት የመጣ መሰለ። ድንገት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አቀፉን ቡከር ያገኘችበት ልብ ወለድ በኮሪያኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የተረጎመችው ደቦራ ስሚዝ እንግሊዛዊት ናት። ኮሪያኛ መማር ከጀመረች 10 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ትርጉሙ ላይ ስህተት ተገኝቶበታል፤ የኮሪያ ተቺዎች ብዙ ጽፈውበታል። ቢሆንም በሩ ተከፈተ። ደቦራም በዚያ አላቆመችም። ቲልትድ አክሲስ የሚባል ትንሽ ማተሚያ ቤት መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሂንዲ ተተርጉሞ ዓለም አቀፉን ቡከር ያሸነፈውን የጊታንጃሊ ሽሪን መጽሐፍ እንግሊዝ ውስጥ ያሳተመው ያ ማተሚያ ቤት ነው። የኮሪያኛ በር የከፈተች ሴት ለሂንዲም በር ከፈተች።

እኛ ትርጉም አናውቅም ማለት አይደለም። እንዲያውም ለትርጉም የከፈልነውን ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ አንድ ግዙፍ የአሜሪካ ልብ ወለድ ተረጎመ። ወረቀት የለም። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት እየሰበሰበ በዚያ ላይ ጻፈ። ጽሑፉ እየተበጣጠሰ ከእስር ቤት ወጣ፤ በኋላ ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ስንቱ ሰው ነው ያንን መጽሐፍ ተራ ጠብቆ እየተዋሰ ያነበበው! ነገር ግን ያ ሁሉ ድካም ወደ ውስጥ ነው። የሌላውን ወደ እኛ አመጣን። የእኛን ወደ ሌላው የወሰደ በጣት ይቆጠራል።

በዓሉ ግርማን ውሰዱ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በለንደንና በኒውዮርክ አሳታሚዎች የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ከ40 ዓመት በላይ! ዜናውን ስሰማ ደስታና ቁጭት አንድ ላይ ያዘኝ። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሠሩት። አንዱ አማርኛን ከቤቱ ይዞ የመጣ፣ ሌላው እንግሊዝኛን። ይህ ከሆነ ሌላውም ይሆናል ማለት ነው።

«የፈረንጅ ጭብጨባ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አለ። ንቄ አላልፈውም። ባኑ ሙሽታቅን ደራሲ ያደረጋቸው ለንደን አይደለም። በአገራቸው ለአሥርት ዓመታት ተነብበዋል፣ ለሴቶች መብት በመቆማቸውም ዛቻ ደርሶባቸዋል። የእኛም ደራሲዎች ክብራቸው አንባቢያቸው ነው። ግን እኔ በዋናነት የማስበው ስለ ፈረንጁ አይደለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ አማርኛ ሰምቶ የሚገባው፣ ማንበብ ግን የማይችል ልጅ አለ። እስራኤል ውስጥ በዕብራይስጥ ብቻ የሚያነብ የጎንደር ሰዎች ልጅ አለ። አባቱ በወጣትነቱ እንቅልፍ አጥቶ ያነበበውን መጽሐፍ ልጁ ገልጦ አያውቅም። አባትየውም ታሪኩን እራት ላይ ከመጀመር አልፎ ጨርሶት አያውቅም። ለነዚህ ልጆች ትርጉም የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ጉማ ለፊልም፣ ሆሄ ለመጽሐፍ ተብለው በአገር ውስጥ የተቋቋሙ ሽልማቶች አሉን። ከአማርኛና ከሌሎች ቋንቋዎቻችን ወደ ውጭ ለሚተረጉም ሰው፣ ጥሩ ሰብታይትል ለሠራ ሰው መድረኩ ላይ ቦታ ይስጡት። ከዋንጫው ጋር ደሞዝ የሚተካ ገንዘብ ይኑር። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ ክፍሎች ጎን ለጎን ቢሮ ይዘው ይሠራሉ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ውጭ ያለው ወገን ደግሞ ለሠርግና ለበዓል የሚያዋጣውን ያህል ባይሆን እንኳ ለአንድ መጽሐፍ ትርጉም ያዋጣ። ለአንድ ተርጓሚ የአንድ ዓመት ቤት ኪራይ ማለት እኮ ነው!

አንዲት ወዳጅ አለችኝ። ሜሪላንድ ትኖራለች፣ ነርስ ናት። የሌሊት ፈረቃዋ ሲያልቅ ቡናዋን አፍልታ የአንድ በሕይወት ያለ ደራሲ አጭር ልብ ወለዶች ትተረጉማለች። አሳታሚ የላትም፣ ውል የላትም። ባለፈው ደወለችልኝ። አያቲቱ ለልጅ ልጃቸው ምግብ ሲያቀርቡ «በሞቴ» ይላሉ፤ ሦስት ቀን አሰብኩበት፣ እንግሊዝኛው እምቢ አለኝ አለች። «እባክህ» ብላ ጻፈች፣ ሰረዘች። «በሞቴ እምላለሁ» የሚል ሞከረች፣ እርግማን መሰለባት፣ ሰረዘች።

እንዳለ ተዪው አልኳት። በላቲን ፊደል «በሞቴ» ብለሽ ጻፊው፣ ከዚያ ልጁ ያቆመውን እጅ መልሶ ወደ ትሪው ሲሰድ አሳዪ።

ማታ ገጹን ላከችልኝ። አያቲቱ ቃሉን ይላሉ። ልጁ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ያያቸዋል። ከዚያ እንጀራውን ይቆርሳል።