ማችቦክሶችን አትርሷቸው
ስለ ሮካቢሊ፣ ማለትም ሮክ ኤንድ ሮልና የአሜሪካ ካንትሪ ስለተቀላቀሉበት የ1950ዎቹ ሙዚቃ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። የሮካቢሊ ትንሣኤ እንግሊዝ ውስጥ የጀመረው ስትሬይ ካትስ የሚባሉት የአሜሪካ ባንድ በ1980 እ.ኤ.አ. ለንደን ሲገቡ ነው ይላል። ታዲያ ማችቦክሶችን፣ የእንግሊዞቹን ባንድ፣ የት ጣላችኋቸው?

ባንዱ የተመሠረተው በ1971 ነው። ስንት ዓመት በየመጠጥ ቤቱና በየክለቡ ለፍተዋል! ጊታሪስታቸው ስቲቭ ብሉምፊልድ የጻፈው «ሮካቢሊ ሬብል» በ1979 ከእንግሊዝ ምርጥ 20 ዘፈኖች ውስጥ ገባ። ስትሬይ ካትስ ያኔ ገና ከኒው ዮርክ አልወጡም። በዓመቱ ደግሞ ማችቦክሶች ክሪኬትስ የተባለውን የአሜሪካ ባንድ የቆየ ዘፈን እንደገና ሠርተው 4ኛ ደረጃ ደረሱ።

የማችቦክሶች ድምፃዊ ግራሃም ፌንተን ከዚያ በፊት ሃውስሼከርስ በሚባል ባንድ ይዘፍን ነበር። አሜሪካዊው የሮካቢሊ ዘፋኝ ጂን ቪንሰንት በ1971፣ ሊሞት ወራት ሲቀሩት፣ እንግሊዝ መጥቶ ሲዘፍን ያጀቡት እነሱ ናቸው። ፌንተን ሙዚቃውን ከሸክላ ብቻ አልተማረም፤ ከሙዚቃው ባለቤት ከቪንሰንት ጎን ቆሞ ነው የተማረው። እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌ ልቤ ይነካል።

ቆመው ስለሚጫወቱት ትልቅ የእንጨት ቤዝ የጻፋችሁት ግን በጣም ደስ ብሎኛል። ክሩ በጣት ተስቦ ሲለቀቅ እንጨቱን ይመታና «ጠቅ» ይላል። ከበሮ ሳይኖር ከበሮ ያለ ይመስላል። ለዚህ ድምፅ ሲሉ እኮ ቴዲ ቦይስ የሚባሉት ወጣቶች በ1976 «ሮክ ኤንድ ሮል በሬዲዮ ይሰማ!» ብለው ወደ ቢቢሲ ሰልፍ ወጥተዋል። ስትሬይ ካትስ የደረሱት ጆሮው ተዘጋጅቶ ከቆየ ሕዝብ ዘንድ ነው። እባካችሁ ያቺን አንድ መስመር አስተካክሏት።