ጋዜጣው ያልነገራችሁን ከጋዜጣው ላይ

በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ አንድ ዘጋቢ ሳያሰማሩ፣ አንድ የምክር ቤት ስብሰባ ሳይቀመጡ አገር ማስተማር ለማንም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም። ለአሜሪካ ወግ አጥባቂ የሬዲዮ አቅራቢዎች ግን ተሰጥቷል። ምቀኛ ካልሆነ በቀር ይህን የማያደንቅ ማን አለ?

ጸጋው የወረደበት ቀን ይታወቃል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1949 ጀምሮ የአሜሪካን ሬዲዮ የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን እንዲያነሱ፣ ሲያነሱም የሌላውን ወገን ሐሳብ እንዲያሰሙ ያስገድድ ነበር። መመሪያው በ1987 ተሻረ። በዓመቱ፣ ኦገስት 1988፣ ወግ አጥባቂው አቅራቢ ረሽ ሊምቦ ለመላ አገሪቱ መናገር ጀመሩ። ውሉ የሚያጓጓ ነበር፤ ጣቢያው ፕሮግራሙን በነፃ ያገኛል፣ በምትኩ በየሰዓቱ ጥቂት የማስታወቂያ ደቂቃ ፕሮግራሙን ለሚያከፋፍለው ኩባንያ ይለቃል። ለአቅራቢ፣ ለፕሮዲዩሰርና ለዘጋቢ ደመወዝ መክፈል የታከተው የትንሽ ከተማ ባለጣቢያ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሦስቱንም አሰናበተ። ተቃራኒው ወገንም ቀንቶ በ2004 ኤር አሜሪካ የሚባል የራሱን አውታር ከፍቶ ነበር፤ በ2010 ተዘጋ። ሙያ በልብ ነው።

ሙያው እንዲህ ነው። ከአንዱ ሰዓት ላይ ዜናና ማስታወቂያ ወደ ሃያ ደቂቃ ይወስዳሉ። የቀረውን አርባ ደቂቃ የሚሞላው የዛሬ ጠዋት ጋዜጣ ነው። አንዲት የከተማ ዘጋቢ የምክር ቤቱን ስብሰባ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጣ ተከታትላ፣ የበጀት ሰንጠረዡን አገላብጣ የጻፈችውን ጌታው አቅራቢ ቡናቸውን ይዘው ያነቡታል። ወረቀቱ ማይክሮፎኑ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህንን ሚዲያው አይነግራችሁም» ይላሉ። ከጋዜጣው ላይ እያነበቡ! ይህን ያለ ሳቅ መናገር የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል።

ጀማሪ የሚወድቀው ዜና ሲመርጥ ነው። የፍሳሽ ማስወገጃ ቦንድ፣ የንብረት ግብር ቀመር፣ የአውራጃ መንገድ ጥገና የአድማጩን ኪስ በቀጥታ የሚነኩ ስለሆኑ አይሆኑም፤ ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ይፈጃሉ፣ መጨረሻ ላይም የሚናደድ ሰው አይገኝም። የሚመረጠው ስም ያለው ጥፋተኛ፣ የሚያሳዝን ተበዳይና «ነገ በእናንተም ይደርሳል» የሚያሰኝ ማስፈራሪያ ያለው ወሬ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ካልሆነም ከንቲባው ያሰመሩት የብስክሌት መስመር ይበቃል። ወሬው ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ቢመጣም ግድ የለም፤ አቅራቢውም ከዚያው ርቀት ነው የሚያወሩት። አንዳንዱ ጣቢያ 50,000 ዋት አለው፤ ኤ ኤም (AM) የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ማታ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ስለሚመለስ ብዙ ግዛት አቋርጦ ይሰማል። ጎረቤት ማለት ይህ ነው።

ስልኩ ብቻውን አንድ ጥበብ ነው። ደዋዩን መጀመሪያ የሚያነጋግረው አጣሪው ነው፤ ስሙን፣ ሰፈሩንና ያናደደውን ነገር ጠይቆ በአጭሩ በአቅራቢው ስክሪን ላይ ይጽፋል። የሚያመሰግን ሰው በቶሎ ይገባል። የሚቃወምም ይፈለጋል፣ ግን የሚንተባተበው። ቁጥር አጥንቶ የደወለ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ መድኃኒቱ ሰዓቱ ነው፦ ማስታወቂያው ሊገባ ዘጠና ሰከንድ ሲቀር መስመሩ ይከፈትለታል፣ አንደኛውን ቁጥር ጠርቶ ሳይጨርስ ሙዚቃው ይነሳል። «ሰዓቱ ቀደመን ወዳጄ!» ከማስታወቂያው ሲመለሱ ሰውዬው የለም፤ መልሱን ግን ጌታው ለአሥር ደቂቃ ይሰጡታል። የተሳደበ እንደሆነም ጉዳት የለውም፤ ስርጭቱ በጥቂት ሰከንድ ስለሚዘገይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መቁረጥ ነው።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው የራሳቸው ፓርቲ ሲያሸንፍ ነው። ቤተ መንግሥቱም ምክር ቤቱም ሲያዝ በማን ይናደዱ? እዚህ ላይ ነው ብስለት የሚለየው። ዳኞች አሉ፣ ቋሚው የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ከገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ ያመነቱት አሉ። ሥልጣን ላይ ሆኖ መገፋት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

አገር ሊጠፋ ነው ከተባለ በኋላ ወርቅ ይሸጣል። ከዚያ ለብዙ ዓመት የማይበላሽ የታሸገ ምግብ፣ ቀጥሎ ፍራሽ። ማስታወቂያውን ራሳቸው ስለሚያነቡት ሐተታው የት አብቅቶ ሽያጩ የት እንደጀመረ መለየት ይከብዳል። ደግሞስ ለምን ይለያል? ፍርሃቱም መድኃኒቱም ከአንድ ቤት ሲገኝ መንገድ ያሳጥራል።

መንግሥት በገበያ ጣልቃ አይግባ የሚለው ስብከታቸውም የሚያኮራ ነው። ታዲያ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ኤ ኤምን ስለሚረብሽ አንዳንድ አምራቾች መቀበያውን ማውጣት ሲጀምሩ፣ በ2023 እያንዳንዱ አዲስ መኪና ኤ ኤም ይኑረው የሚል ረቂቅ ሕግ ቀረበ፤ ከማይክሮፎኑ ጀርባም ደጋፊ አላጣም። ምክንያቱ የሚያሳምን ነው፦ አደጋ ሲመጣ ሕይወት የሚያድነው ሬዲዮ ነው።

እውነት ነው። ጃንዋሪ 18፣ 2002 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ በሰሜን ዳኮታ፣ ማይኖት ከተማ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ የአሞኒያ ደመና ከተማዋን ሸፈነ፤ አንድ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ተጎዱ። የከተማዋ ስድስቱም የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች የአንድ ኩባንያ፣ የክሊር ቻነል ነበሩ። ፖሊስ ለአደጋ ጊዜ ወደተመደበው ጣቢያ ደወለ፤ የሚያነሳ ጠፋ። ኩባንያው በበኩሉ ሰው ነበረ፣ የፖሊስ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነው በትክክል ያልተገጠመው አለ። ይሁን። ብቻ ደዋዩ ስሙን፣ ሰፈሩንና ያናደደውን ነገር ለማስመዝገብ እንኳ ዕድል አላገኘም።