ማስተካከያ፦ በስፓኒሽ ያለፈ ስሜት ሁልጊዜ በኢምፔርፌክቶ አይነገርም

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲያጋራው የነበረ አንድ የስፓኒሽ ትምህርት «ያለፈ ስሜትና ሕመም ሁልጊዜ በኢምፔርፌክቶ ነው፣ ኢንዴፊኒዶ ስህተት ነው» ይላል። ሁለቱም የስፓኒሽ ያለፈ ጊዜ የግስ ቅርጾች ናቸው፤ ኢምፔርፌክቶ «ነበር» እንደማለት ነው፣ ኢንዴፊኒዶ ደግሞ ሆኖ ያለቀን ነገር ይናገራል። ልክ አይደለም። የስፔን ሮያል አካዳሚ ሰዋስውም ሆነ የተለመዱት የመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱንም ይቀበላሉ።

ኢምፔርፌክቶ ስሜቱ በዚያ ሰዓት እንደነበረ ብቻ ይነግረናል፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ አለቀ አይልም። «ሜ ዶሊያ ላ ካቤሳ» ካላችሁ ራሳችሁን እያመማችሁ ነበር፤ ሰሚው ከዚያስ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። «ሜ ዶሊዮ ላ ካቤሳ ቶዳ ላ ታርዴ» ግን ከሰዓቱን ሙሉ አመመኝ ነው፣ አለቀ። ድንገት የመጣ ስሜትም በኢንዴፊኒዶ ይሄዳል። ዜናውን ስሰማ አዘንኩ ለማለት «ኩዋንዶ ኦኢ ላ ኖቲሲያ፣ ሜ ፑሴ ትሪስቴ» ይባላል። እዚህ ጋ በኢምፔርፌክቶ «ኤስታባ ትሪስቴ» (አዝኜ ነበር) ብትሉ ሰዋስዉ አይፈርስም፣ ግን ሰሚው ዜናው ከመምጣቱ በፊትም ከፍቷችሁ እንደነበር አድርጎ ይረዳል። ጣጣው ይሄ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ስለሚመስል ማንም አያርማችሁም።

ትምህርቱ በኢምፔርፌክቶ ስለሚባለው «ቴኒያ አምብሬ» (ርቦኝ ነበር) ያለው ግን ትክክል ነው፣ እሱን ከደብተራችሁ አትሰርዙት።