ቅጠሉ ታሽጎ መጣ፤ ልኩስ የት ቀረ?

ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም የከፈተ ሰው የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ዱቄት ማስታወቂያ ሳያይ አይወጣም። ማስታወቂያው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ፣ ከወተት 17 እጥፍ ካልሲየም፣ ከስፒናች 25 እጥፍ ብረት።» ስኳር ያወርዳል፣ ግፊት ያስተካክላል፣ ደም ይሆናል። ከሥር ስልክ ቁጥር አለ። «ዴሊቨሪ አለን» የምትል መስመርም አትጠፋም።

በሽፈራው ላይ ቂም የለኝም። የኮንሶና የጋሞ ሰው ትውልድ ያሳደገበት ዛፍ ነው። ድርቅ ሲመጣ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የእኔ ጠብ ከቁጥሮቹ ጋር ነው።

እነዚያ እጥፎች በአብዛኛው የተገኙት ከእኛ ዛፍ አይደለም። መነሻው ህንድ ከሆነው፣ ሞሪንጋ ኦሊፌራ ከሚባለው ዘመዱ ነው። በደቡብ የሚበቅለው የእኛው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ደግሞ ብርቱካን አብዛኛው ውሃ ነው። ወተትም እንደዚያው። ውሃው የወጣለትን ዱቄት ከእነሱ ጋር ግራም ለግራም ካወዳደርነው ዱቄቱ ማሸነፉ አይቀርም። ዱቄቱን ግን በቀን 100 ግራም የሚውጥ ሰው የለም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ቅጠሉ ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል። የብርቱካኗ ቁጥር የእርጥብ ቅጠል ናት። የሚሸጥልን ደረቁ ነው።

ብረት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህን ታሪክ በጤፍ አይተነዋል። ጤፍ በብረት ሀብታም ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። ውሸት አይደለም። ግን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግራ ይገባዋል። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 10 ሚሊግራም ገደማ ብረት የተገኘበት ልኬት አለ። ከ150 በላይ የተገኘበትም አለ። አንድ እህል እንዴት እንዲህ ይለያያል? ትልቁ መልስ አውድማው ነው። ጤፍ መሬት ላይ በበሬ ይበራያል፣ ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ቀይ አፈር ይጣበቅበታል። አፈሩ ብረት አለው። መሣሪያው ደግሞ የፍሬውን ብረትና የአፈሩን ብረት አይለይም፤ ደምሮ ይነግራችኋል። ፍሬው በደንብ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ይወርዳል። ሰውነታችን ግን ይለያል፤ የአፈሩን ብረት እምብዛም አይቀበለውም።

እንግዲህ ቅጠል መሬት ላይ ወይም አቧራማ መንገድ ዳር ሰጥቶ ያደረቀ ሰው «ብረቱ ከፍተኛ ነው» ቢለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከየት የመጣ ብረት ነው ብዬ ነው። አቧራው ብረት ብቻ ይዞ አይመጣም፤ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ማዕድንም ይዞ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው ፖስተር ላይ «በብረት የበለጸገ» እና «በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ሁለቱ ግን እርስ በርስ ይጓተታሉ። ፖሊፌኖል የሚባሉት፣ አንቲኦክሲዳንት ተብለው የሚሞገሱት ውህዶች፣ ብዙዎቹ ብረትን ይዘው አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ሐኪሞች ደም ያነሳትን ሴት «ከምግብ ጋር ሻይና ቡና አትጠጪ» የሚሏት ለዚህ ነው። እንደ ጤፍ ባለ እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ውህድም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ቡኮው ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። እናቶቻችን ይህን በላብራቶሪ አላወቁትም፤ እርሾውን ግን አልተዉትም።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነጥቤ። የድሮው ዕውቀት ቅጠሉን ብቻ አላወረሰንም። ልኩንም፣ ጊዜውንም፣ አሠራሩንም አውርሶናል። ዛሬ በፌስታል ታሽጎ የሚሸጠው ስሙን ይዞ ልኩን ጥሏል።

የኮንሶ ሰው የሽፈራውን ቅጠል ቀቅሎ ከእህል ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር ይበላዋል። መቀቀሉ ለማለስለስ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ቅጠሉ ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ውህዶች አሉ። ሰናፍጭና ፌጦ አፍንጫችንን የሚያቃጥሉት በእነሱ ወገኖች ነው። ከእነዚህ ውህዶች አንዳንዶቹ ሲፈርሱ የሚፈጠረው ነገር አንገታችን ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ይሻማዋል። በአዮዲን የጠገበ ሰው ላይ ብዙ ላይታይ ይችላል። አዮዲን በጎደለበት አገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንቅርት በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ ለዘመናት የኖረ በሽታ ነው። ተመራማሪዎች በደቡብ በሽፈራው ቅጠልና በእንቅርት መካከል ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል አንስተዋል። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ጎጂውን እንደሚቀንስም ጽፈዋል። ጥሬ ቅጠል አድርቆና ፈጭቶ በጁስ ውስጥ የሚበጠብጥ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎታል። ማንም አልነገረውማ።

ኮሶን እንውሰድ። «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን፤ የሚጠጣው ግን ከከተማው ሰው ጠፍቷል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር የኮሶ ትል አይጠፋውም፤ ስለዚህ በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት የኑሮ ሥርዓት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጥቶ ዛፉን ጽፎታል። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች አበባውን ይሸጡት ነበር። ማንኛውም አበባ ግን ኮሶ አይሆንም። የሴቴው ዛፍ አበባ ነው የሚፈለገው። የከረመው ጉልበቱ ይቀንሳል። የሚጠጣው በጠዋት በባዶ ሆድ ነው፤ መጠኑም በሰውየው አቅም ይለካል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት ነበረው። ኮሶ ሲበዛ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። «ቅጠል ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር ከአያቶቻችን አልመጣም። እነሱ ኮሶን ይፈሩት ነበር።

በተቃራኒው ወገን ያለውን ስህተትም አልደግፍም። «ያልተረጋገጠ የመንደር ነገር» ብሎ በጅምላ መጣል ቀላል ነው። የእንዶድ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ትል ተሸካሚ ነው። እንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን፣ ልብሱን አረፋ የሚያስደፍቀው ያው ነገር፣ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ነው እኔን የሚገርመኝ። የእንዶድ ዓይነቶች ከየቦታው ተሰበሰቡ፣ ተነጻጸሩ። አንዱ እንዶድ ከሌላው በብዙ ይበልጥ ነበር፤ «ዓይነት 44» የተባለው ተመረጠ። ፍሬው የሚለቀምበት ጊዜም ኃይሉን ይለውጠዋል። በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

አክሊሉ ለማ አንድ ቅሬታ ነበራቸው። የውጭ ተቋማት አፍሪካ ውስጥ የተሠራ የደህንነት ምርመራ አናምንም እያሉ ሥራውን ለዓመታት አጓተቱት። ስለዚህ «ልኬት፣ ልኬት» ስል፣ «ይህ የፈረንጅ ማጉላሊያ ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። ግን ከዚያ የምወስደው ትምህርት ራሳችን እንለካ የሚል ነው። የሚለካ ሰውም አለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በቡና፣ በኮረሪማ፣ በጌሾ፣ በጤፍ ውስጥ ያለውን ዚንክ፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝ፣ ካድሚየምና እርሳስ ሲለኩ ዓመታት አልፈዋል። ቁጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ተኝቷል። ማሸጊያው ላይ የወጣው ከህንዱ ዘመድ የተቀዳችው «25 እጥፍ» ናት።

እርሳስና ካድሚየምን ያለምክንያት አላነሳሁም፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። ተክል የሚያስፈልገንን ማዕድን ብቻ መርጦ አይመጥም። ካድሚየም ከዚንክ ጋር በኬሚስትሪ ይቀራረባል፣ በዚያው በር ይገባል። ቅጠል ደግሞ ከፍሬ ይልቅ ብዙ ያከማቻል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማው የአዲስ አበባ ጎመንና ሰላጣ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ ችግር ደጋግመው አሳይተዋል። በዚያ አፈር ላይ ጤና አዳም ወይም ዳማ ከሴ ቢተከል የተለየ ይሆናል ያለን ማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለመድኃኒት ቅጠል ያስቀመጠው ጣሪያ አለ፤ በኪሎ 10 ሚሊግራም እርሳስ፣ 0.3 ሚሊግራም ካድሚየም። የሻይ ቅጠላችሁን የሸጠላችሁ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

ውጭ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የደቡብ እስያ ባህላዊ መድኃኒቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ነበራቸው። ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ እርድ እንዲያበራ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ይጨመርበት ነበር። እዚያ የምወደው የመጨረሻው ክፍል ነው። ጥናቱ በ2019 ወጣ፣ መንግሥት ቀጣ፣ ገበያው ተፈተሸ፤ በ2021 ከገበያ በተወሰደው እርድ ላይ ቀለሙ አልተገኘም። ሁለት ዓመት ብቻ!

እንጉዳይና አልጌ ላይም ነገሩ ያው ነው። እንጉዳይ የበቀለበትን ነገር ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. ከ1986ቱ የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ጀርመን ውስጥ የጫካ እንጉዳይ ላይ ሲዚየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ለአሥርት ዓመታት ሲገኝ ኖሯል። በአገራችን እንጉዳይ የሚያመርቱ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ ደስ ይላል፤ ብቻ የሚተክሉበት ገለባና ገፈት ከየት እንደመጣ ይወቁ። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ደግሞ ጭቱ ሐይቅንና ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያቀለመው ነው። ፕሮቲኑ እውነት ነው። «ቢ12 (ከሥጋና ከወተት የምናገኘው ቫይታሚን) አለው» የሚባለው ግን ጾመኛውን የሚያታልል ነው፤ አብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ሐሰተኛ ቢ12 ነው።

ምን ይደረግ? ይታገድ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ቢታገድ ንግዱ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ አይቆምም። ማሸጊያው ላይ ግን የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ ክፍሉ ቅጠል ይሁን ሥር፣ የበቀለበት ወረዳና የተለቀመበት ወር ይጻፍ። ለእርሳስና ለካድሚየም የተመረመረ ከሆነ ቁጥሩ ይውጣ። ወጪውን በአርባ ምንጭ ቅጠል አድርቀው በሚሸጡ ሴቶች ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ተነጋግሮ ለማኅበራት በየምርቱ ናሙና ቢያስመረምር፣ ተማሪዎቹም ለመመረቂያቸው የሚለኩት ነገር ያገኛሉ፤ መሣሪያው እንደሆነ አለ። ትልልቆቹ አሻጊዎች ከኪሳቸው ይክፈሉ።

እስከዚያው ሽፈራው የምትወዱ ቅጠሉን ቀቅላችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ አዮዲን ባለው ጨው ብሉት። የእንቅርት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም የስኳር ኪኒን ላይ ያላችሁ ደግሞ የምትጠጡትን ዱቄት ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ ቢቆጣም ንገሩት።