የሁለት ሰከንድ ውሃ፣ የሁለት ሳምንት ብሩሽ

በጋን የሚሥሉ የዘመናችን ሠዓሊዎች በርክተዋል። መዋኛ ገንዳ፣ የባሕር ዳርቻ፣ ጥላ ሥር የተጋደመ ሰው፤ ሁሉም ከድሮ አልበም የወጣ ፎቶ ይመስል ቀለሙ ደብዝዟል። ተመልካቹ ሥዕሉን በቅጡ ሳያየው ሆዱ ይባባል። እኔ ይህን ማደብዘዝ አልወደውም። ቀለም በማቅጠን ብቻ ትዝታ አመጣለሁ የሚል ሠዓሊ ከባዱን ሥራ ለተመልካቹ ትቶለታል።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ እ.ኤ.አ. በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሣለውን «ኤ ቢገር ስፕላሽ» (ትልቁ የውሃ ርጭት እንደማለት ነው) እንይ። በለንደኑ ቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ያለው ይህ ሥዕል ወርዱም ቁመቱም 2 ሜትር ከ40 ገደማ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ገንዳው ጥርት ያለ። ከኋላ መስታወት ያለው ዝቅተኛ ቤት፣ ሁለት ረጃጅም ዘንባባዎች፣ አንድ ባዶ ወንበር፤ ከፊት ቢጫ የመዝለያ ሳንቃ። ሰው አይታይም። የዘለለው ሰው ሰምጧል፤ የሚታየው ወደ ላይ የተረጨው ነጭ ውሃ ብቻ ነው።

ሆክኒ ሰፋፊውን ቦታ በአክሪሊክ ቀለም፣ በሮለር ነው የቀባው። ውሃው ላይ ሲደርስ ግን ቀጫጭን ብሩሾች ይዞ ጭረት በጭረት ሠራው። መነሻው ስለ መዋኛ ገንዳ አሠራር በሚያወራ መጽሐፍ ያገኘው ፎቶ ነበር። ካሜራው በቅጽበት የያዘውን፣ ሁለት ሰከንድ የማይቆየውን ነገር ለመሣል ሁለት ሳምንት እንደፈጀበት ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ ናፍቆቱን የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱና ወንበሩ ነገም ይኖራሉ፣ እሱ ግን ዕድሜውን የሰጠው ለሚጠፋው ነው። ደግሞም ሰውየው ያደገው በዚያን ጊዜ ዝናብና የፋብሪካ ጭስ በማያጣት የእንግሊዝ ከተማ፣ በብራድፎርድ ነው። ሎስ አንጀለስን ያየው በ1964 ነበር። ለእሱ ፀሐይ ሁልጊዜ የምትኖር ነገር አልነበረችም፤ ለዚህ ይመስለኛል አንድም ቀለም ያላደበዘዘው።

ሌላው ሠዓሊ ፒተር ዶይግ ያደበዝዛል፣ ይህን አልክድም። ልጅነቱን በትሪኒዳድና በካናዳ ያሳለፈው ዶይግ በ1990ዎቹ የካናዳን ሐይቆች የሣለው ለንደን ተቀምጦ ነው። በጸጥታ ውሃ ላይ የምትንሳፈፈው ታንኳ ውብ ናት፤ መነሻዋ ግን የአንድ አስፈሪ ፊልም ትዕይንት ነው። ቀለሙ ተደራርቦ ይወፍራል፣ ውስጡ ፍርሃት አለበት። ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ያለፈ ነገር ሲታወስ ጣፋጭ ብቻ አይደለም።

ከስልክ ፎቶ እየቀዱ በጋን የሚሥሉ ወጣቶች ሥራ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው ሠዓሊው ጊዜውን ያፈሰሰበትን ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ሸራው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፍጥነት ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ያን ጊዜ ፎቶውን ራሱን ባሳዩኝ እመርጣለሁ።