ሪሞቱ ላይ ያለችው ፀሐይ

ድሬዳዋ ላይ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) የሚገዛ ሰው የሚሸሸው አንድ ነገር ነው፤ ፀሐይን። ሪሞቱን ሲያነሳ ግን እሷው ተስላ ትጠብቀዋለች። አጠገቧ ስድስት ክንድ ያላት ጥልፍ መሳይ ምልክት አለች፤ በረዶ ናት አሉ። የድሬ ሰው በረዶን የሚያውቃት ብርጭቆ ውስጥ ስትንሳፈፍ ነው፤ ያቺ ደግሞ አራት ማዕዘን ናት። «እንግዲህ ፀሐይዋ ለፀሐይ ቀን ትሆናለች» ይልና ይጫናታል።

ፀሐይዋ ማሞቂያ፣ በረዶዋ ማቀዝቀዣ ናት። ክፍሉ 34 ዲግሪ ሆኖ ሪሞቱ ላይ 24 ከተሞላ፣ ማሽኑ «ከታዘዝኩት በላይ ሞቋል፣ ምን ቀረኝ?» ብሎ ዝም ይላል። ባለቤቱ «አቦ፣ አይሰማም እንዴ!» እያለ እስከ 16 ያወርደዋል። ባወረደ ቁጥር ማሽኑ የባሰ ያርፋል።

ከዚያ ማጥፋትና ማብራት ይከተላል። ኮምፕረሰር፣ ማለትም ጋዙን የሚያምቀው ሞተር፣ አንዴ ከቆመ የጋዙ ግፊት እስኪመጣጠን ሦስት ደቂቃ ያህል አይነሳም። በአጋጣሚ በረዶዋ ላይ ቢደረስም ቅዝቃዜው ወዲያው አይመጣም። በግንቦት፣ ሽርጥ ታጥቆ ላቡን ለሚጠርግ ሰው ሦስት ደቂቃ ዕድሜ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ፀሐይዋ ይመለሳል።

ደግሞ ሪሞቱ መናገር እንጂ መስማት አያውቅም። መሃል ላይ መጋረጃ ከገባ ሪሞቱ «ጠፍቷል» ብሎ ያሳያል፣ ማሽኑ ግን ይሠራል። የሚያሳየው የላከውን እንጂ የደረሰውን አይደለም።

በመጨረሻ ባለሙያ ይጠራል። ጨዋው በረዶዋን ተጭኖ ሦስት ደቂቃ ስለ አየሩ ያወራል። ሌላው «ጋዝ አልቋል» ይላል፤ የማያፈስ ኤሲ ጋዝ እንደማያልቅ ግን አይናገርም።

መፍትሔው የኤሌክትሪክ ቴፕ ነው። በረዶዋ ላይ አድርጎ፣ ፀሐይና በረዶን የሚያቀያይረውን «ሞድ» የሚለውን ቁልፍ በቴፕ ሸፍኖ፣ ማብሪያውንና ሁለቱን የዲግሪ ቁልፎች ብቻ መተው። 25 ይበቃል። የጠረጴዛ ቬንትሌተር 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብሎ የጨረሰውን ጉዳይ የሪሞቱ ሠሪዎች ሃያ ቁልፍ ደረደሩበት።

ሰዓት ቆጣሪውም አለ። ሻጩ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶታል። ማታ 4 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ የፈለገ ሰው 22:00 ማለት ሲገባው 4:00 ይሞላል፤ ኤሲው እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይነፍሳል። ድሬዳዋ ላይ፣ በግንቦት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ የሚፈልግ ሰው ጎረቤቶቹን ምን ብሎ ይጠይቃቸው?